ከባቄላው ሥር ጀምሪ፦ ለአንዲት የመንዝ መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ መንዝ ውስጥ በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ይህ አራተኛ ዓመቴ ነው። አምና ርእሰ መምህራችን ዓርብ ዓርብ ለባልደረቦቼ የአሥር ደቂቃ ‹ከተፈጥሮ ምን እንማራለን› የሚል ነገር እንዳቀርብ ኃላፊነት ሰጠኝ። ስለ ጉንዳን፣ ስለ ንብ፣ ስለ ሸረሪት፣ ስለ ንስር ተናገርኩ፤ ከዚያ በኋላ አለቀብኝ። መምህራኑም ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ዘንድሮም ቀጥይ ተብያለሁ። እውነቱን ልንገርዎትና እኔም ደክሞኛል። በአካባቢያችን ከምናያት ትንሽ ነገር ለመምህር የዕለት ሥራ የሚረባ ትምህርት እንዴት ይገኛል?»

መልስ፦

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ባዮሎጂ በማስተማርና መምህራንን በማሠልጠን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ነው። ጥያቄሽን ደግሜ ሳነበው ልቤን የያዘው «አለቀብኝ» ያልሽው ሳይሆን «ደክሞኛል» ያልሽው ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያለቀብሽ ነገር ተረትና ምሳሌ ነው እንጂ ተፈጥሮማ ገና አልተነካችም። ከዘረዘርሻቸው አራቱ አንዱንም አንቺ ወጥተሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ አይተሽ ያመጣሽው አይመስለኝም። ትምህርቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር፤ ጉንዳኗ ለምስክርነት ተጠርታ መጣች። ባልደረቦችሽ ሰዓታቸውን ቢያዩ አይፈረድባቸውም። «ድር ቢያብር» ብለሽ አፍሽን ስትከፍቺ እነሱ በልባቸው «አንበሳ ያስር» ብለው ጨርሰውታል። ፍጻሜው የታወቀ ነገር ማንንም አያስተምርም።

በማስተማር ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። የአራተኛ ክፍል ልጆችን ከክፍል አውጥቼ በአጥሩ ሥር የጉንዳን ሰልፍ አሳየኋቸውና «ጉንዳን አታርፍም፤ እናንተም እንደ እሷ ሁኑ» አልኳቸው። አንድ ልጅ ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ይቺ ግን ቆማለች። ይቺም» አለኝ። እኔም «በደንብ እይ፣ ትንቀሳቀሳለች» ብዬ አለፍኩት። ልጁ እውነቱን ነበር። አጥኚዎች እያንዳንዷን ጉንዳን በቀለም ነጠብጣብ ለይተው ሲከታተሉ፣ በብዙ የጉንዳን ዝርያዎች ዘንድ በአንድ ጊዜ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ምንም ሳይሠሩ ቆመው ይገኛሉ። ያን ቀን ለዚያ ልጅ ያስተማርኩት ትጋትን አልነበረም፤ ዓይኑ ያየውን ትቶ የመምህሩን አፍ እንዲያምን ነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፤ የምመክርሽ ሁሉ የሚነሣውም ከዚያ ቀን ነው።

ስለዚህ ወደ ሜዳ ስትወጪ ትምህርት ይዘሽ አትውጪ። አንድ ቦታ ምረጪ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ከምንጩ ዳር፣ ከሰው ማሳ ጥግ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደዚያው ቦታ ሂጂ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ስልክሽን ቤት ተዪው። ደብተርሽ ላይ ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ «ታታሪ»፣ «ትዕግሥተኛ»፣ «ትሑት» የሚባሉ ቃላት ወደዚያ ገጽ አይግቡ። ማን ምን አደረገ፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት፣ ያ ብቻ። ከዚያ የማትመልሺውን አንድ ጥያቄ ጻፊበት። ጥያቄውን ይዘሽ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፤ መጽሐፍም ሊሆን ይችላል፣ ገበሬም፣ ብዙ ጊዜ ግን ከፊትሽ የተቀመጠው ተማሪ ነው። የመንዝ ልጅ በግ ሲያግድ የሚውል ልጅ ነው፤ አንቺ የሳር አይጥ ከየት ወጥታ የት እንደምትገባ ሳታውቂ እሱ ጉድጓዷን ቆጥሮታል። መምህርቱ ልጁን እውነተኛ ጥያቄ የጠየቀችበት ቀን እኮ ለብቻው ትልቅ ነገር ነው።

ትምህርቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መመዘኛዬም አንድ ነው፦ ይህ ያየሁት ነገር ነገ ጠዋት ክፍል ስገባ የማደርገውን አንድ ነገር ይለውጣል ወይ? ካልለወጠ ደብተርሽ ላይ ይቆይ፤ ለዓርብ አታውጪው።

አሁን መስከረም ነው፤ በዙሪያሽ ያለው ባቄላ አብቧል። እኔ ብሆን ከእሱ እጀምራለሁ። ገበሬው ባቄላ የነበረበት መሬት ላይ በማግሥቱ ዓመት ገብስ ቢዘራ እንደሚያምርለት ከአያቶቹ ጀምሮ ያውቃል። ምክንያቱ ከመሬት በታች ነው ያለው። አንድ እግር ባቄላ ከነአፈሩ ቆፍረሽ አውጥተሽ ሥሩን በውኃ ብታለቀልቂው፣ ሥሩ ላይ ተለጥፈው የበቀሉ ትናንሽ እብጠቶች ታያለሽ። በውስጣቸው ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ነገር ግን ተክል በቀጥታ ከአየር ሊወስደው አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል መልክ ይለውጡለታል፤ ባቄላውም በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ይመግባቸዋል። አንዱን እብጠት በጥፍርሽ ሰንጥቂው። ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ቀለሙ የእኛን ደም ከሚያቀላው ነገር ጋር ዝምድና ካለው ፕሮቲን የሚመጣ ነው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ወይ ገና አልጀመረም ወይ አብቅቶለታል። ላዩን አይተሽ ይህን ልትለዪ አትችዪም፤ መሰንጠቅ አለብሽ።

እስከዚህ ድረስ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። እኔን ቁጭ አድርጎ ያሳሰበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ለባቄላው ናይትሮጅን ያለበትን ዩሪያ ማዳበሪያ ብታበዢለት ቅጠሉ ይለመልማል፤ ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ግን ይቀንሳሉ። የተዘጋጀ ናይትሮጅን አፈሩ ውስጥ ካገኘ ባክቴሪያዎቹን አስተናግዶ ስኳሩን የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ላዩ ያማረ፣ ሥሩ ባዶ የሆነ ባቄላ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ገብስም የሚተርፈው ነገር ያንሳል።

ይህን ሳውቅ ጥቁር ሰሌዳዬ ነበር የታየኝ። ጥርት ባለ ጽሕፈት፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ አጭር ማስታወሻ እጽፍ ነበር። ልጆቹ ይገለብጡታል፤ ደብተራቸው ያምራል፤ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ደብተር ሲያይ ይመሰገናል። አንድ ነገር ከደብተሩ ውጪ ስጠይቃቸው ግን ዝም ነው። ለምለም ቅጠል፣ ባዶ ሥር። ጥያቄ ስጠይቅም ቶሎ ካልመለሱልኝ ራሴ እመልሰው ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመምህራንን ድምፅ በቴፕ ቀድታ ስታዳምጥ፣ መምህር ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ዝምታው ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ «አላውቅም» የሚለው ያንሳል፤ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁም ያወጣሉ። ሦስት ሴኮንድ! እኔ መጀመሪያ ስሞክረው ሦስቱ ሴኮንድ እንደ ክረምት ረዘመብኝ። በልቤ እየቆጠርኩ፣ ጠመኔውን በጣቴ እያሻሸሁ ነበር የምጠብቀው። አሁንም ከሠልጣኞቼ ጋር የምሠራው ትልቁ ልምምድ ይሄው ዝምታ ነው።

ምሳሌው ግን ከሚገባው በላይ እንዳይለጠጥ። ባቄላ ገና ሲበቅል፣ እብጠቶቹ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ደካማ መሬት ላይ ከሆነ ጥቂት መነሻ ማዳበሪያ ይጠቅመዋል። ባክቴሪያው በአፈሩ ውስጥ ከሌለ ደግሞ የቱንም ያህል ብትጠብቂ እብጠት አይመጣም። ፊደል ያልለየ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊት ቆሞ «ራስህ ድረስበት» ማለት ልጁን መበደል ነው። መምህሯ ልትለየው የሚገባት የትኛው ልጅ መነሻ እንደሚያሻው፣ የትኛው ደግሞ ዩሪያ እንደበዛበት ነው። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ልክ እንደ እብጠቱ ሰንጥቆ በማየት ነው፤ ደብተሩን ዘግተሽ «በራስህ አፍ ንገረኝ» በማለት።

ሁለተኛውን ለማየት ወደ ጓሳ መውጣት አለብሽ። መሐል ሜዳ አካባቢ ከሆንሽ ሩቅ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያለ ሜዳ ነውና ጋቢሽን አትርሺ። ጭላዳዎቹ ጠዋት ሌሊቱን ካደሩበት ገደል ወጥተው በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ይውላሉ። አልፎ አልፎ በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ታገኚያለሽ። ቀበሮ ሥጋ በል ናት፤ የጭላዳ ግልገል ደግሞ አንሥታ ልትሮጥበት የምትችለው መጠን ነው። ጭላዳዎቹ ግን አይሸሹም። ውሻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወደ ገደሉ ይሮጡ ነበር።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እዚሁ ጓሳ ላይ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ቀይ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካላት 25 ነው። በጭላዳዎች መካከል ሆና ስታድን ግን 67 ይሳካላታል። ምናልባት መንጋው ሣሩን እየነጨ ሲጓዝ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ይወጣሉ፤ ወይም በመንጋው መካከል ያለችውን ቀበሮ አይጦቹ አይለዩአትም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚገርመኝ አካሄዷ ነው። መንጋው ውስጥ ስትገባ ቀስ ትላለች፤ መሮጥና መጠምዘዝ ትተዋለች፤ ግልገሎቹን እንዳላየች ታልፋለች። ተመራማሪዎቹ አንዲት ቀበሮ ግልገል ስትነጥቅ ያዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሏት፤ አባረሯት፤ ቆይታ ልትመለስ ስትሞክርም አላስጠጓትም።

እኔ አርጩሜ ይዤ በዴስኮች መካከል የምዞር መምህር ነበርኩ። ብዙ ጊዜ አልመታበትም፤ መያዙ ይበቃ ነበር። ስጠጋ እያንዳንዱ ልጅ ክንዱን ደብተሩ ላይ ጋርዶ ይደፋል። በጨዋነት ቆጥሬው ቆየሁ። የኋላ ኋላ ገባኝ፤ የሚጋርዱት ስሕተታቸውን ነው። እኔ ደግሞ የማስተምረው በዚያ ስሕተት ላይ ነበር፤ አይጡ ያለው እዚያ ነው። አርጩሜውን ተውኩት። ክንዶቹ ወዲያው አልተነሡም፤ ግማሽ ዓመት ፈጀ። በዚያ መካከል አንድ ቀን ተቆጥቼ የአንዲት ልጅ ደብተር ነጥቄ ለክፍሉ ሁሉ «ይህን ተመልከቱ» ብያለሁ። በማግሥቱ ስዞር ክንዶቹ ሁሉ ተመልሰው ነበር፤ የእሷ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም። ለባልደረቦችሽ ይህን ስትነግሪ የቀበሮዋን ቁጥር ንገሪያቸውና ከዚያ አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ ሰሞኑን ስትጠጉት ክንዱን የሚጋርድ ልጅ ማን ነው?

ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ ውርጭ ይመጣል፤ ይህን ላንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ያው ሆኖ ጠዋት ተነሥተሽ ማሳውን በደረጃ እይው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ የሚይዝላት ደመና የለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስና ረባዳው ላይ ይተኛል። አንዱ ገበሬ ከአንድ ጎተራ ያወጣው አንድ ዘር፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ተርፎ ረባዳው ላይ ያለው ተቃጥሎ ታያለሽ። ሮስተር ስንሠራ «የእገሌ ልጅ ድሮም ሰነፍ ነው፤ ወንድሙም እንዲሁ ነበር» እንላለን፤ ዘሩን ነው የምንከሰው። ሌሊቱን የት አደረ? በጎቹን ማን ያግዳል? ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ይሄዳል? ማታ የሚያነብበት ብርሃን አለ? ውርጭ የመታውን ማሳ ያየ መምህር እነዚህን ሳይጠይቅ ውጤት ላይ አይፈርድም። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልጨምርም፤ ሄደሽ ካየሽው ራሱ ይናገራል።

ወደ ሞረትና ጅሩ ወርደሽ የምታውቂ ከሆነ መረሬውንም አስቢው። በክረምት ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ማረሻውንም የበሬውንም እግር ይይዛል። በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የሚታረስበት መካከለኛ ጊዜ አጭር ነው። የእነዋሪ ገበሬ ውኃው እንዲወርድለት መሬቱን በእጅ መደብ መደብ እያደረገ፣ በመካከሉ ቦይ እያወጣ ኖሯል። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ተማሪን በተናደደበት ሰዓት አለመምከርን ነው፤ በጣም በቆየ ነገር ላይም ተመልሶ አለመምከርን። ቦዩ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ገበሬው አፈሩን ሊለውጠው እንደማይችል አውቆ መውጫ ሠራለት።

አሁን ደግሞ ወፎች። ብዙ ጊዜ ሳይታይ ቆይቶ ብቅ ያለን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን። በየአካባቢው የመስቀል ወፍ የሚባለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቹ ነገር ግን ተመሳሳይ ነው። ወንዱ ለመራቢያ ጊዜው ያማረ ላባ ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያወልቀውና ከድንቢጥ ብዙም የማይለይ ቡናማ ወፍ ይሆናል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሩቅ አገር ከርመው የሚመጡ አይደሉም። ዓመቱን ሙሉ በአጥራችን ላይ ነበሩ፤ እኛ ነን ያላወቅናቸው። የአንኮበርን ወፍ ልጨምርልሽ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ በ1841 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዝ ልዑክ ሲመጣ የተፈጥሮ አጥኚ ጭምር ይዞ ነበር። ያን ያህል ሰው በተመላለሰበት ገደል አፋፍ ላይ ዘር እየለቀመች የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ዝንጉርጉር ወፍ ግን በሳይንስ ዘንድ የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. ታይታ በ1979 ስትመዘገብ ነው። ዛሬ የአንኮበር ሴሪን ትባላለች፤ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለችም።

በክፍልሽ ውስጥ የማትረብሽ፣ የማትወድቅ፣ አንደኛም የማትወጣ፣ ከመካከለኛው ረድፍ የተቀመጠች ልጅ አለች። ስሟን ለማስታወስ ስም መጥሪያውን የምታዪላት ልጅ። በዚህ ሳምንት ቤትሽ ሆነሽ፣ ስም መጥሪያውን ሳታዪ የተማሪዎችሽን ስም በባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ። በመጨረሻ የመጡልሽንና ጭራሽ የጠፉብሽን አስምሪባቸው። እኔ በስድሳ ሁለት ልጆች ክፍል ሳደርገው ዘጠኝ ጠፉብኝ። ከዘጠኙ ሰባቱ ሴቶች ነበሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ይህ ሁሉ ለመምህር ራሱን ማያ ነው። ልጅን በክፍል ፊት በተክል ወይም በእንስሳ መመሰል ክልክል ይሁን። «አንተ እንክርዳድ» የተባለ ልጅ ያን ቀን አይረሳም። ተፈጥሮ ያደረገችው ሁሉ ይደረግ ማለትም አይደለም፤ ጎጆ ሳትሠራ እንቁላሏን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ የምትሄድ ወፍም አለች። የምናየው ነገር ጥያቄ ያስነሣልናል፤ ፍርዱ ግን የእኛ ነው።

የዓርቡን አሥር ደቂቃ በተመለከተ፣ ነገሩን ራሱን ይዘሽ ግቢ። ሥሩን በፌስታል አምጪ፤ ጠረጴዛ ላይ አኑሪው፤ እየሰነጠቁ ይዩት። ያየሽውን በአራት ደቂቃ ንገሪያቸውና «እናንተ ክፍል ውስጥ ይህን የሚመስል ምን አለ?» ብለሽ ዝም በይ። ቢያንስ ሦስት ሴኮንድ። ትምህርቱን አንቺ አትናገሪው። ከእነሱ አንዱ ካንቺ የተሻለ ያመጣል፤ የምርት እጥረት ባለበት ወረዳ ያደገ መምህር ስለ ውርጭ ምን እንደሚል አስቢው።

አሁን «ደክሞኛል» ወዳልሽው። «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ራሱ እየነደደ ለሌላው ያበራል» የሚባለውን በየምረቃው ሰምተሻል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ጓሳ ስትወጪ ጅባራን ታያለሽ፤ ለብዙ ዓመታት ቅጠሏን ብቻ ይዛ ትቆይና አንድ ጊዜ ረጅም አበባ አውጥታ ትሞታለች። ለጅባራ ያምርባታል፤ በሺህ የሚቆጠር ዘር በትና ነው የምትሄደው። መምህር ግን በየመስከረሙ እንደገና ማበብ አለባት።

እዚያው ከጅባራዋ ሥር ያለውን የጓሳ ሣር እይው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚታጨደው እሱ ነው። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ጠብቀውታል፤ የጥንቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ትውልድ የጋራ ሀብት ሆኖ፣ በመረጧቸው ሰዎች እየተዳኘ። ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተከልሎ ይቆይና ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፤ ታጭዶ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሜዳው ተጎዳ፤ ኋላም የአካባቢው ሰው በአዲስ መልክ ተደራጅቶ መጠበቁን ቀጠለ። በዚህ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው አንድ ነገር አለ፤ ሣሩ ራሱን አይከልልም። ዕረፍቱ የሣሩ ጥንካሬ ውጤት አይደለም፤ ሰዎች ተቀምጠው ተስማምተው ያበጁለት ሕግ ነው።

አንቺም «እኔ ጠንካራ ብሆን አይደክመኝም ነበር» እያልሽ ራስሽን አትውቀሺ። ርእሰ መምህሩን አነጋግሪና የዓርቡ ተራ ለአምስት መምህራን ይከፈል፤ በወር አንዴ ወይም ከዚያም ባነሰ ይድረስሽ። የሒሳቡ መምህር የዝናቡን መጠን በጣሳ ለክቶ ያምጣ፤ የስፖርቱ መምህር በጎች ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርዱ አይቶ ይምጣ። ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ፋይላችሁም ይሆናችኋል፤ ከሌላ የተገለበጠ ከሚገባበት ይህ ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ ከሳምንቱ አንድ ከሰዓት ከልዪ፤ ፈተና የማይታረምበት፣ ዕቅድ የማይጻፍበት። ከልለሽውም ለአንድ ባልደረባሽ ንገሪ፤ ስትጥሺው የሚቆጣሽ ሰው ይኑር።

ስለ ባቄላው አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ማሳው የሰው ነውና ባለቤቱን አስፈቅጂ፤ ከዳር ያለውን አንድ እግር ቢሰጡሽ ይበቃል። በእጅሽ ጎትተሽ እንዳትነቅዪው፤ እብጠቶቹ ተበጥሰው አፈሩ ውስጥ ይቀራሉና ምንም የሌለው መስሎሽ ትመለሻለሽ። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ርቀሽ ዙሪያውን ቆፍሪ፣ ከነጓሉ አንሺው፣ ባልዲ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ አፈሩ በራሱ ይለቅቃል። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ውስጥ አድርጊው፤ አበባው ከረገፈና ፍሬው መድረቅ ከጀመረ በኋላ ሮዙን ቀለም አታገኚውም። ገበሬውም አብሮሽ ይይ። ስንት ዓመት የሠራበትን ነገር ውስጡን ላያየው ይችላልና መጀመሪያ እሱ ይሰንጥቀው።